ሎድ ያላት፣ በር የሌላት ክፍል

ሥራ የጀመርኩት ካዛንቺስ፣ ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ በነበረ የኤሌክትሪክ ንድፍ ቢሮ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከዚያ በላይ አልተማርኩም። የቴክኒክ ንድፍ ትምህርት ግን ይሆንልኝ ነበር፤ እጄም አይንቀጠቀጥም።

የቢሮው ባለቤት ኢንጂነር ግርማ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዘንበል ካለ ጠረጴዛ ፊት አስቀመጡኝ። ብርሃን የሚያሳልፍ የንድፍ ወረቀት፣ ጫፉ ቀጭን የሆነ የቀለም ብዕር፣ ቲ-ስኩዌር የሚባል ማስመሪያ እና አንድ ምላጭ ሰጡኝ። ምላጩ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሥራው የአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት መኝታ ክፍሎች ነበር። “ያው አንድ ክፍል ነው፤ ደጋግመሽ ሣዪው” አሉኝ። በየክፍሉ አንድ አምፖል፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሁለት ሶኬት። ከሰዓት በኋላ አንዱን የሽቦ መስመር ከግድግዳው አሳለፍኩና ምንም ክፍል ወደሌለበት ባዶ ወረቀት አስገባሁት። ደነገጥኩ። ኢንጂነሩ ምላጩን አንስተው ቀለሙን በስሱ ፋቁት፤ ቦታውን በጥፍራቸው አለሰለሱት። ከዚያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። የተፋቀው መስመር ነጭ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

“የሄደው ቀለሙ ነው፤ መስመሩ አለ” አሉ። “ማተሚያው ግን አያየውም። ማተሚያው ካላየው ግድ የለም።”

ይህን ንግግር ለብዙ ጊዜ እንደ ሥራ ምክር ይዤው ኖሬያለሁ።

መጀመሪያ ገልባጭ ነበርኩ፤ መሐንዲሶች በእርሳስ የነደፉትን በቀለም እገለብጣለሁ። ከዚያ ረዳት ነዳፊ፣ ቀጥሎ ነዳፊ ሆንኩ። ማተሚያው አሞኒያ የሚተፋ ማሽን ነበር። ሽታው ልብሴ ላይ ስለሚቀር ቂርቆስ ወደሚገኘው ቤቴ ስመለስ ጎረቤቶቼ ሳያዩኝ መምጣቴን ያውቁ ነበር።

ሎድ ማስላት ያስተማሩኝም ኢንጂነር ግርማ ናቸው። ሎድ የምንለው አንድ ክፍል የሚፈልገውን የኤሌክትሪክ ጭነት ነው። የክፍሉን አምፖል፣ ሶኬትና ቦይለር ትደምሪያለሽ፤ በፎቁ ላይ ባሉት ክፍሎች ታበዢዋለሽ፤ ከዚያ ትቀንሻለሽ። የሚቀነሰው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቦይለር ስለማያበራ ነው። “ቅነሳው የሰው ፀባይ ግምት ነው” ይሉ ነበር። ውጤቱ የፎቁን ፓኔል ልክ ይወስናል። ፓኔሉ መብራት ለየክፍሉ የሚከፋፈልበት፣ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር የብረት ሣጥን ነው።

በእጅ ስንሠራ አንድ ዓይነት የተባሉ ክፍሎች በእርግጥ አንድ ዓይነት ሆነው አያውቁም። አንዱ ጋ ብዕሩ ይወፍራል፣ ሌላው ጋ ሶኬቱ ትንሽ ዘንበል ይላል። ወረቀት ላይ አይቼ የጠዋቱን ክፍል ከማታው ክፍል እለይ ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣ ይህ ቀረ። መጀመሪያ በመስመር ብቻ የሚነድፈው ፕሮግራም መጣ። ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ሕንፃውን እንዳለ፣ ከነግድግዳውና ከነቱቦው የሚሠራው መጣ። ከእሱ ጋር ቤዛ መጣች። ቤዛ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ሙዚቃ በጆሮዋ ሰክታ የምትሠራ። አጠገቤ ተቀመጠች። እሷ ፕሮግራሙን አስተማረችኝ፤ እኔ የግንባታ ቦታ ሰዎች ንድፍ እንዴት አድርገው እንደሚያነቡ ነገርኳት።

“እትዬ አስካለ፣ ይሄ እኮ ሥዕል አይደለም” አለችኝ በመጀመሪያው ሳምንት። “በቃ ቤቱን ራሱን ነው የምንሠራው። የሌለ ነገር ማስገባት አይቻልም፣ ያለ ነገር መደበቅ አይቻልም።”

ሁለቱም እንደሚቻል በኋላ አብረን አየን።

ሥራው ሆቴል ነበር፤ እዚያው ካዛንቺስ፣ ከቢሮአችን በእግር የሚደረስ። ቦታውን አውቀው ነበር። ከቂርቆስ ወደ ሥራ ስመላለስ የማልፍበት ሰፈር ነው፤ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ የቆርቆሮ አጥር። ሰፈሩ ፈርሶ ለረጅም ጊዜ ሜዳ ሆኖ ቆየ። ከዚያ የመኪና ዕቃ ነጋዴ የሆኑት አቶ ደሳለኝ ሆቴል ሊሠሩበት ያዙት። ኢንጂነር ግርማ የኤሌክትሪኩን ንድፍ ለቤዛ ሰጧት። ስሟ የሚሰፍርበት፣ በፊርማዋ የምትጠየቅበት የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር። እኔ የሕንፃውን ሞዴል በኮምፒውተር እሠራላታለሁ።

የሆቴል ክፍል ሁሉም ያው ነው። ስለዚህ አንዷን ብቻ በጥንቃቄ ሠራኋት፤ እናት ክፍል እንላት ነበር። እናት ክፍል በራሷ ፋይል ውስጥ ትኖራለች። በሕንፃው ፋይል ውስጥ ቅጂዎቿ በየፎቁ ይደረደራሉ። እናቲቱ ላይ የሚለወጠው ሁሉ ቅጂዎቹ ላይ ይለወጣል።

አንድ ቀን የአልጋ ራስጌዋን መብራት ሳላስተውል ወደ ግድግዳ አዙሬ ትቻት ነበር። ቤዛ በኮምፒውተሩ ኮሪደሩን ይዛኝ ስትሄድ፣ በየክፍሉ ያሉት መብራቶች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመዋል። እናቲቱን ከፍቼ አስተካከልኩ። በአንዴ ሁሉም ወደ እኛ ዞሩ። ቤዛ ሳቀች። እኔ ከዚያ ወዲህ በዚያ ኮሪደር መሄድ ደስ አይለኝም ነበር።

ፕሮግራሙ አንድ ችግር ነበረው። ፓኔሉ ያለው በሕንፃው ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉ ቅጂዎቹን ያሳያል እንጂ ፓኔሉ ሎዳቸውን አይቆጥርም፤ ለእሱ ባዶ ምስል ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዷ ክፍል አንዲት ትንሽ ሣጥን በሕንፃው ፋይል ውስጥ እናስቀምጥ ነበር። ሣጥኗ አምፖልም ሶኬትም አይደለችም፤ የክፍሏን ሙሉ ሎድ የተሸከመች ምልክት ብቻ ናት። ከፓኔሉ ጋር የምናገናኘው እሷን ነው።

“ክፍሏ ሥጋ፣ ሣጥኗ ነፍስ” አለች ቤዛ። ስሙ ጸና። “እትዬ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነፍስ ዘሩበት?” ትለኛለች፤ “ዘርቻለሁ” እላታለሁ። ኢንጂነር ግርማ እንኳ ሲሰሙ ፈገግ ይሉ ነበር።

እንደ አገራችን ልማድ ግንባታው ከንድፉ ይቀድም ነበር። እኛ ላይኛውን ፎቅ ስናስተካክል ታችኛው ይለሰናል። በዚህ መሐል አንድ ቀን ጠዋት የግንባታው የኤሌክትሪክ ፎርማን ይርጋ ደወለልኝ። ይርጋን ሽቦ ሳቢ ሳለ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ቀልድ ሳይቀላቅል አያወራም። ያን ቀን አልቀለደም። አንተነህ የሚባል ልስን ሠራተኛ ከአምስተኛ ፎቅ፣ ከውጭ ካለው የእንጨት መወጣጫ ወድቆ ሞተ አለኝ። የኮሪደሩ መጨረሻ ካለችው ክፍል በመስኮት ወደ መወጣጫው እንደወጣ ነው። ሥራው ለቀብርና ለሐዘን ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ።

ብዙም ሳይቆይ ከአርክቴክቱ የተሻሻለ ንድፍ መጣ። በአምስተኛ ፎቅ የኮሪደሩ መጨረሻ ክፍል ተሰርዛለች። በቦታዋ አራት ግድግዳ ብቻ አለ፤ “የቱቦ ማለፊያ” ይላል። ምክንያት አልተጻፈም።

ቤዛ ንድፉን አገላብጣ አየችው። “እትዬ፣ ከሥሩም ከላዩም መኝታ ክፍል ነው ያለው። ማለቴ፣ ቱቦው ከየት መጥቶ የት ሊሄድ ነው?”

የታዘዝኩትን ሠራሁ፤ ክፍሏን ከአምስተኛ ፎቅ አጠፋሁ፤ ሣጥኗንም ከፓኔሉ አነሳሁ።

ሰኞ ስገባ ሣጥኗ ተመልሳለች። ክፍል የለም፤ በአራቱ ግድግዳ መሐል ሣጥኗ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ፓኔሉም ይቆጥራታል። የረሳሁ መሰለኝና አጠፋኋት። ከጥቂት ቀን በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ናት። እንደገና አጠፋኋት፤ እንደገና መጣች። ስትመለስ ሎዷ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። ቦይለር የለባትም፣ ሶኬት የለባትም፤ አንድ አምፖል የሚያህል ብቻ ነው።

“ይቺ ነፍስ ጠበል ካልተረጨች አትለቅም” አለች ቤዛ። ሆኖም ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ ተቀመጠች።

ሄጄ ኢንጂነር ግርማን ጠየቅኳቸው። በመስኮቱ አጠገብ ቆመው ነበር።

“የሌለች ክፍል ሎድ አላት” አልኳቸው።

“ተዪው።”

“ማነው የሚመልሰው?”

“እኔ ነኝ።”

“ለምን?”

“ሎዱ ስላለ።”

“ክፍሏስ?”

“ክፍሏ የለችም፣ አስካለ።” ዞረው አላዩኝም።

ወጣሁ። ያን ያህል ዘመን አብረን ስንሠራ መልስ ሰጥተውኝ ምንም ያልነገሩኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ለቤዛ የሆነውን ነገርኳት። ሙዚቃዋን ከጆሮዋ አወጣች። በመጨረሻው ንድፍ ላይ የምትፈርመው እሷ ናት፤ የምትፈርመውም ሕንፃው እንደተነደፈው ነው ብላ ነው። ሎድ አለ፣ ክፍል ግን የለም፤ ሁለቱን በአንድ ላይ ልትፈርም አትችልም። “ሄደን እንየው” አለች።

ከሰዓት በፊት ሄድን። ፀሐይ ነበር፤ መንገዱ በሰውና በታክሲ ተጨናንቋል። ሆቴሉ ውስጡ ሊያልቅ ደርሷል። ደረጃው ላይ ያገኘናቸው ቀለም ቀቢዎች አምስተኛ ፎቅ የምንሄድ መሆኑን ሲሰሙ አንዷ አማተበች። እዚያ ግድግዳው ውስጥ የልስን ማንኪያ ሲፍቅ ይሰማል አለችን። ሌላው እሷ ሥራ ስትጠላ ሁሉም ነገር ይሰማታል አለ። ነገር ግን የዚያ ፎቅ ኮሪደር መጨረሻ ቀለም አልተቀባም ነበር።

ይርጋ ፓኔሉን ከፍቶ ይጠብቀን ነበር። አንድ ሽቦ በጣቱ አሳየን።

“እትዬ፣ ይሄንን እኔ አልሳብኩትም፤ ልጆቼም አልሳቡትም። እሑድ ሥራ በሌለበት የመጣ ነው። ወደዚያ ግድግዳ ይገባል፣ ከዚያ አይወጣም።” ሽቦውን እንደ መቆንጠጫ የሚያቅፈውን መለኪያ አኖረበት። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን አለ። “ይኸው፤ ይበላል። ግድግዳ መብራት ይበላል እንዴ?”

ቤዛ ቁጥሩን አይታ ወደ እኔ ዞረች። የሣጥኗ ሎድ ነበር።

ይርጋ የፎቁን ዋና ማጥፊያ ዘግቶ ሽቦው ከየት እንደተቀጠለ እስከ ሥሩ ሊከተለው ወሰነ። አጠፋው። ኮሪደሩ መስኮት የለውም፤ የክፍሎቹም በር ተዘግቷል። ቀኑ ውጭ ቀረ። ይርጋ በአፉ የያዛት ትንሽ የእጅ መብራት ፓኔሉን ብቻ ታሳያለች። ከዋናው ማጥፊያ በታች ያለውን ኤሌክትሪክ ሲኖር በሚበራ ቴስተር ነካ፤ መብራት የለም። “ሞቷል” አለ፤ መፍቻውን አስገባ።

እኔ ግድግዳውን በእጄ ሳልነካ በጨለማው ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ ሄድኩ። አልተደናቀፍኩም። ኮሪደሩን እኔ ነኝ የሠራሁት፤ በር ከበር ምን ያህል እንደሚርቅ እግሬ ያውቀዋል። የመጨረሻው በር መኖር በነበረበት ቦታ ቆምኩ። ቤዛ ካናቴራዬን ይዛ ተከትላኝ ነበር።

“እትዬ” አለች በዝግታ። “ይሄ ምንድነው?”

ግድግዳው ላይ ብርሃን ነበር። ከፀጉር የቀጠነ መስመር ነው፤ ከወለሉ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከራሳችን በላይ ይታጠፋል፣ በሌላው በኩል ይወርዳል። በር በብሎኬት ሲደፈን አዲሱ ልስን ከአሮጌው ጋር አይያያዝም፤ ሲደርቅ በድንበሩ ይሰነጠቃል። በቀንና በመብራት አይታይም። በጨለማ ግን የተፋቀው በር ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር፤ ከበስተኋላው መብራት በርቷል።

ፎቁ ሁሉ ጠፍቷል። ይሄ አልጠፋም። ከማጥፊያው በላይ የተቀጠለ ሕያው ሽቦ ማለት ነው፤ ይርጋም እየተከተለው ወደዚያው ነው የሚሄደው።

“ይርጋ፣ እጅህን አውጣ” አልኩ።

ለምን ብሎ አልጠየቀም። እጁን አወጣ። ከዚያ ቴስተሩን ወደ ላይ አድርጎ ያን ሽቦ ነካው። በራ። 

“የእናቴ ጸሎት ነው” አለና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ማጥፊያውን መልሳ ያበራችው ቤዛ ናት።

ኢንጂነር ግርማን ጠራናቸው። እሳቸው አቶ ደሳለኝን ይዘው መጡ። አቶ ደሳለኝ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ከግድግዳው ፊት ቆሙ። የሆነውን ይርጋ ነገራቸው። ምንም ሳይክዱ ተናገሩ።

የአንተነህ እናት ለሐዘን ከሰላሌ መጥተው ነበር። ልጃቸው ወደ መወጣጫው የወጣባትን ክፍል ካላየሁ ብለው ደረጃውን በሰው ተደግፈው ወጡ። ሲመሽ እዚህ መብራት አለ ወይ ብለው ጠየቁ። የለም ሲሏቸው፣ ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጨለማ አይችልም አሉ። አቶ ደሳለኝ በሽማግሌዎቹ ፊት በዚህች ክፍል መብራት አይጠፋም ብለው ማሉ። በኋላ ሠራተኛው ወደ ክፍሏ አልገባም አለ፤ ወሬውም እንግዳ የሚያርቅ ሆነ። እንዳትታይ አስደፈኗት፤ መሐላው እንዳይፈርስ ደግሞ መብራቱን ከውስጥ አበርተው ተዉት። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር፣ ፎቁ ሲዘጋ ከማጥፊያው በላይ እንዲቀጥል አደረጉ።

ኢንጂነር ግርማንም ክፍሏን እንዳይነድፉ ቃል አስገቧቸው። ኢንጂነሩ ክፍሏን ተዉ፤ ሎዱን ግን መተው አልቻሉም። ሒሳብ ላይ ዋሽተው አያውቁም።

“እኔ በዚህ ላይ አልፈርምም” አለች ቤዛ። “ጋሽ ይርጋ ሊሞት ነበር።”

“ፈራሚ አይጠፋም፣ ልጄ” አሉ አቶ ደሳለኝ። በቁጣ አልነበረም፤ እንደደከመው ሰው ነው። “ሽቦውን ይቁረጡት ልትዪኝ ነው? የማልኩላትን እናት ምን ልበላት?”

ኢንጂነር ግርማ ጫማቸውን ያዩ ነበር። ሥራው ወደ ሌላ ቢሮ ሊሄድ፣ ቤዛም በመጀመሪያ ሥራዋ ቢሮውን ሥራ ያሳጣች ልትባል ነው። መብራቱ ደግሞ እዚያው ሕያው ሆኖ የሌላ ሰው እጅ ሊጠብቅ ነው።

እኔ በስብሰባ አልናገርም፤ ልማዴ አይደለም። ነገር ግን አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነበር።

“አቶ ደሳለኝ፣ ሽቦው አይቆረጥ” አልኩ። “አምፖል ግን ዕድሜ አለው። ሲቃጠል ማን ገብቶ ይቀይርለታል?”

ወደ ይርጋ ዞረው፣ “ስንት ጊዜ ይቆያል?” አሉት።

“እንደ አምፖሉ ነው፣ ጌታዬ። ዛሬም ሊሆን ይችላል።”

ይርጋ ሳይታዘዝ ተነስቶ ማጥፊያውን አጠፋ። በጨለማው መስመሩ እንደገና ታየ። አቶ ደሳለኝ የበሩን ቅርጽ ለረጅም ጊዜ አዩት። ሲያዩት የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ኮፍያቸውን መልሰው አላደረጉም።

“ክፈቱት” አሉ።

በማግስቱ ይርጋ መጀመሪያ የአምፖሉን ሽቦ በራሱ ማጥፊያ ለብቻው አስተካከለው። የቀን ሠራተኞቹ መዶሻ ይዘው ቆሙ፤ ቀድሞ የሚመታ ግን አልተገኘም። አቶ ደሳለኝ ኮታቸውን አውልቀው ለቤዛ ሰጧትና የመጀመሪያውን ብሎኬት ራሳቸው መቱ።

ገባን። በሕንፃው ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁሉ እናት ክፍልን የማትመስለው እሷ ብቻ ናት። መስኮቷ በብሎኬት ተደፍኗል። አምፖሏ ከጣሪያው በሽቦ ተንጠልጥላለች። አንዱ ግድግዳ እስከ ግማሽ ተለስኗል፤ ከዚያ በላይ ብሎኬቱ ራቁቱን ነው። ማንኪያው ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ እጀታው ወደ በሩ ዞሯል።

ይርጋ ግማሹን ልስን በመዳፉ ነካው። መዳፉን አየና ለእኔ አሳየኝ። እርጥብ ነበር።

“የታሸገ ክፍል አይደርቅም” አለ።

ልክ ነው፤ አይደርቅም። ሌላ ምክንያት አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልጨመረም።

ቢሮ ተመልሼ ክፍሏን በሞዴሉ ውስጥ ሠራኋት። ከእናቲቱ አልቀዳኋትም፤ ግድግዳዋን አንድ በአንድ፣ መስኮቷን እንደተደፈነ፣ በሯን እንደተከፈተ። ሣጥኗን አነሳሁ። አምፖሏን ከፓኔሉ ጋር በቀጥታ አገናኘሁ፣ የራሷን ብሬከር፣ ማለትም የራሷን ማጥፊያ፣ ሰጠኋት። የፓኔሉ ሠንጠረዥ ላይ ከየብሬከሩ ፊት የክፍሉ ስም ይጻፋል።

“ምን ብለን እንጻፋት?” አለች ቤዛ።

“የአንተነህ ክፍል፣ መብራት” አልኩ። ጻፈችው። ከሥሩ ይርጋ ጻፉ ያላትን ማስጠንቀቂያ ጨመረች፦ ይህ መስመር ከዋናው ማጥፊያ ጋር አይጠፋም። ከዚያ ፈረመች።

የታተመውን ንድፍ ወደ ኢንጂነር ግርማ ወሰድኩት። ተቀብለው ወደ መስኮቱ ከፍ አደረጉት፤ የድሮ ልማዳቸው ነው። ያ ወረቀት ወፍራም ስለሆነ በብርሃን ምንም አያሳይም። ቢሆንም ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ አጣጥፈው ሰጡኝ። ሣጥኖቹን ግን ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያስፈቅድ እንዳይነካቸው አዘዙ፤ እሳቸውም ራሳቸው ሲያስፈልጋቸው መጥተው ይነግሩኝ ጀመር።

ሆቴሉ ተከፈተ። ያቺ ክፍል አትከራይም። በሯ እንደ ሌሎቹ ነው፤ ቁጥር የላትም። ይርጋ አሁን የሆቴሉ ጥገና ኃላፊ ነው፤ አምፖሉን የሚቀይረው እሱ ነው። የአንተነህ እናት አቅም እስኪያንሳቸው ድረስ በየዓመቱ ለመታሰቢያው ይመጡ ነበር፤ ገብተው ይቀመጣሉ፣ ይወጣሉ። ይርጋ አንድ ነገር ብቻ ነግሮኛል። አምፖሉ ሲቃጠል ከማንም ቀድማ የምታውቀው የኮሪደሩ ፅዳት ሠራተኛ ናት፤ በር ሳትከፍት ታውቀዋለች። እንዴት እንደምታውቅ ጠይቋት፣ ግድግዳው ውስጥ ሲፍቅ የሚሰማው ማንኪያ ይቆማል አለችው። ከዚያ በላይ አልጠየቃትም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቤዛ አንዳንዴ አዲስ የተቀጠሩ ነዳፊዎችን ይዛ ትመጣለች። ፕሮግራሙ ተሻሽሏል ይላሉ፤ አሁን ሣጥን የማያስፈልግበት መንገድ አለ። ጥሩ ነው። እኔ የምነግራቸው ግን ለየትኛውም ፕሮግራም ይሆናል። ሎድ ተገኝቶ ክፍል ከጠፋ፣ ሎዱን አትሰርዙ። በሩን ፈልጉ።